የሰንጋው ግርግምና የሰው ገበታ፤ ስለ ውፍረትና ስለ ልብ ሕመም ከድሬዳዋ የተጻፈ

ገበሬ ከብቱን በሚቀልብበት ጊዜ ሁለት ነገር ይመለከታል፤ አንደኛው የመኖው ብዛት ነው፥ ሁለተኛው የመኖው ዓይነት ነው። ጭድ ብቻ ቢከምርለት የከብቱ ሆድ ይነፋል እንጂ ሥጋ አያወጣም፤ እህል ብቻ ያለ ልክ ቢሰጠው ደግሞ ሆዱ ታውኮ ይታመማል። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ድርቆሹን ከቅጠሉ፥ ቅጠሉን ከእህሉ ጋራ አመዛዝኖ ያቀርብለታል። ስለ ከብት ይህን ያህል የምናውቅ ሰዎች ስለ ራሳችን ገበታ ግን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ጠገብን ወይስ አልጠገብንም የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የገበታው ዓይነት ለሰው ልብ፥ ይልቁንም ለወፈረ ሰው ልብ፥ ከገበታው ብዛት የማያንስ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ የምትሆነን የድሬዳዋ ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ጊዜ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ፥ ከባሕር የሚመጣውና ከደጋ የሚወርደው ምግብ የሚገናኝባት በር ሆና ኖራለች። አሸዋማውን የደቻቱን ወንዝ በመካከል አድርገው ከዚራና መጋላ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በቀፊራ ገበያ የሚዘዋወር ሰው ከሐረርጌ ደጋ የወረደውን ድንች፥ ካሮትና ጎመን፥ ከባቢሌ የመጣውን ኦቾሎኒ፥ ማንጎውንና ፓፓያውን፥ የማሽላውን ዱቄትና የግመሉን ወተት ያያል። እዚያው አጠገብ ደግሞ ከውጭ አገር የገባው ሩዝና ስኳር፥ ፓስታውና የፓልም ዘይቱ በየመደብሩ ተደርድሮ ይገኛል። ጠዋት ፉል በዳቦ፥ ቀትር ላይ ሩዝ ወይም ፓስታ በሥጋ፥ ፀሐይ በረድ ሲል በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። እንግዲህ የከተማው ሰው ከቤቱ ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሁለት ዓይነት ማዕድ በፊቱ ተዘርግቶ ያገኛል፤ አንዱ ልብን የሚጠብቅ፥ ሁለተኛው ልብን የሚጎዳ ነው። ሁለቱም ግን እኩል ያጠግባሉ።

ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር የሚወጣ መንገደኛ በገበሬው ደጅ የታሰረ በሬ ማየቱ አይቀርም። ይህ በሬ በእርሻ ሲያገለግል ከኖረ በኋላ ለገበያ የሚሰባ ነው። ገበሬው ማሽላው ሲሳሳ የተነቀለውን ቡቃያ፥ ቅጠሉንና አገዳውን እያመጣ በእጁ ይመግበዋል። ከወራት በኋላ የሐረር ሰንጋ ተብሎ ስሙ እስከ አዲስ አበባ ልኳንዳ ቤት ድረስ ይጠራል። የማድለቡ ብልሃት ሦስት ነው፤ አዘውትሮ ማብላት፥ የሚያወፍረውን መኖ መምረጥ፥ እንዳይንቀሳቀስም ማሰር። እነሆ በከተማ የምንኖር፥ ይልቁንም በወንበር ላይ የምንውል የመሥሪያ ቤት ሰዎች፥ ሦስቱንም በገዛ ራሳችን ላይ እንፈጽማለን። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሰንጋው ስቡ ሳያሳምመው ይታረዳል፤ እኛ ግን ስባችንን ተሸክመን ሠላሳና አርባ ዓመት ልንኖር እንሻለን።

ነገሩ የጥቂት ባለጠጎች ብቻ ነው የሚል ቢኖር ቍጥሩን ይመልከት። በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሴቶች መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው በ1992 ዓ.ም. ከ100 እጅ 3 እጅ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ግን 8 እጅ ሆነዋል። በከተማና በገጠር መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በገጠር ከ100 ሴቶች 4 የሚያህሉ ሲሆኑ በከተማ 20 ያህል ደርሰዋል። በድሬዳዋ ከተማ በጎልማሶች ላይ ተደርጎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ ከአራት ሰዎች አንድ የሚያህለው የደም ግፊት እንዳለበት አሳይቷል። በአንድ በኩል በብዙ ወረዳ ገና የከሱ ሕፃናት አሉ፤ በሌላው በኩል በከተማ ከልክ በላይ የወፈሩ ጎልማሶች እየበዙ ናቸው። ሁለቱም የሚመነጩት የሚገባው ምግብ ለሚገባው ሰው ባለመድረሱ ስለ ሆነ፥ ለአስተዳዳሪ ሁለቱም አንድ ጉዳይ ናቸው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ቍጥር አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋራ ለመንግሥት ሥራ ወደ ድሬዳዋ ወርደን ነበር። እርሱ ገና ሃምሳ ዓመት ያልሞላው፥ ሰውነቱ የገዘፈ፥ ደግና ሣቂ ሰው ነበር። በየሄድንበት ሰዎች ሆዱን እየተመለከቱ፥ ሹመቱ ተስማምቶታል እያሉ ያመሰግኑት ነበር። ያን ቀን በግብዣ ጮማ ሥጋ በሩዝ በላን፤ እርሱም ከሙቀቱ የተነሣ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣ። ከቀትር በኋላ ደረቱን ጨመደደው፤ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ወጣበት፤ ላብም አጠመቀው። ቃር ነው አለና ተኛ። እኛም ሐኪም ቤት እንውሰድህ ብለን አጥብቀን አልያዝነውም። ሌሊት ዐረፈ፤ ሲነጋም ሬሳውን ይዘን ተመለስን። አንድ ምሳ ገደለው አልልም፤ ሃያ ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውን ሆድ አይቼ ማመስገንን ተውኩ፤ የራሴንም ወገብ በገመድ ለካሁ።

አሁን ጥቂት ስለ ሰውነት አሠራር እንመልከት። በሰውነት ውስጥ የሚከማች ስብ ሁሉ ጉዳቱ አንድ አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚጋገረው ስብ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ በሆድ ዕቃ መካከል፥ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ግን ሰውነትን ያውካል። ከዚያ የሚወጣው ቅባት ወደ ጉበት እየጎረፈ የደምን ስብ ያበዛል፤ ኢንሱሊን የሚባለው ስኳርን የሚቈጣጠር ቅመምም ኃይሉ እንዲደክም ያደርጋል። በዚህ ምክንያት የደም ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ይላሉ። ኮሌስተሮልን ተሸክሞ የሚዞረው፥ ሐኪሞች ኤል ዲ ኤል የሚሉት የደም ስብ፥ በበዛ ጊዜ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይጋገራል። ይህም የመስኖ ቦይ በደለል እንደሚጠብ ያለ ነው። አንድ ቀን ደለሉን የሸፈነው ስስ ቆዳ ሲቀደድ ደም በላዩ ላይ ይረጋና ቦዩን ፈጽሞ ይዘጋዋል። የተዘጋው ልብን የሚመግበው ሥር እንደ ሆነ የልብ ሥጋ ውኃ እንዳጣ ማሳ ይደርቃል፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ሥር እንደ ሆነ ደግሞ ግማሽ ሰውነት ይሽመደመዳል።

እንግዲህ ሁለት እኩል የወፈሩ ሰዎች ቢኖሩ፥ ክብደታቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ አደጋቸው አንድ አይሆንም። በገበታቸው ላይ የሚቀርበው ነገር ይለያቸዋል። ይህም በስፔን አገር በተደረገ ትልቅ ምርመራ ታይቷል። ለልብ ሕመም የተጋለጡ፥ አብዛኞቹም ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው 7,447 ሰዎች በሦስት ወገን ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የወይራ ዘይት፥ ሁለተኛው ወገን የለውዝ ዓይነት ፍሬዎች ከአትክልት፥ ከጥራጥሬና ከዓሣ ጋራ እንዲያዘወትሩ ተደረገ፤ ሦስተኛው ወገን ስብን እንዲቀንስ ብቻ ተመከረ። ትንሽ ብሉ ተብሎ የታዘዘ ማንም አልነበረም። ምርመራው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ታተመ፤ በአመዳደቡ ጉድለት ስለ ተገኘበትም እንደ ገና ተመርምሮ በ2018 ታተመ። የሁለቱም ጊዜ ውጤት ተመሳሳይ ነበር፤ ዘይቱንና ፍሬዎቹን ባዘወተሩት ዘንድ በልብና በአንጎል ሥር የሚደርሰው ከባድ አደጋ ከሦስተኛው ወገን ይልቅ ከ100 እጅ 30 ያህል አንሶ ተገኘ። የገበታው ዓይነት ብቻውን ይህን ያህል ኃይል አለው ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የገበታውን ክፍሎች አንድ በአንድ እናያለን።

መጀመሪያው ቅባት ነው። ቅቤ፥ ጮማና የፓልም ዘይት የሚረጋ ስብ የበዛባቸው ናቸው፤ የኑግ፥ የሱፍ፥ የሰሊጥና የኦቾሎኒ ዘይት ግን አብዛኛው ክፍላቸው የማይረጋ ነው። የሚረጋው ስብ ኤል ዲ ኤልን ከፍ ያደርጋል፤ በእርሱ ፋንታ የማይረጋውን ያዘወተረ ሰው ግን አደጋው ይቀንስለታል። በዚህ ረገድ የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ያታልላል። በደጋ ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት በዚያ እንደ ውኃ ስለሚፈስ ቀላል ዘይት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከ100 ግራሙ 50 ግራም የሚያህለው የሚረጋ ስብ ነው፤ ይህም ከቅቤ ጋራ የሚተካከል ነው። ከሁሉ የከፋው ግን በፋብሪካ ብልሃት እንዲረጋ የተደረገው፥ ትራንስ ስብ የሚባለው ነው፤ እርሱ ክፉውን የደም ስብ ሲያበዛ መልካሙን ይቀንሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ ከምግብ እንዲወገድ በ2010 ዓ.ም. ለመንግሥታት ሁሉ ጥሪ አድርጓል።

ሁለተኛው እህልና ስኳር ነው። ብዙ ሰዎች ሐኪም ስብ ቀንስ ሲላቸው ጮማውን ትተው ነጭ ዳቦ፥ ሩዝና ጣፋጭ ነገር ያበዛሉ። ይህ ከአንዱ ጉድጓድ ወጥቶ በሌላው መግባት ነው፤ በሚረጋ ስብ ፋንታ ስኳርና ነጭ ዱቄት የተካ ሰው ለልቡ ያተረፈው ነገር የለም። ስኳር ሲበዛ ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋልና። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዟል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ግን አንድ ጎልማሳ በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፥ ቢቻልም ከ25 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ሰው በሻዩ ስኳር ሳይጨምር ስንኳ ከልኩ አልፏል። ጤፍ ግን ቅንጣቱ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ከነገለባው ይፈጫል፤ ማሽላም ሳይፈተግ ሲፈጭ አሰሩ አይጠፋም። አሰር ያለው እህል ቀስ ብሎ ይፈጫል፥ ረኃብን ያዘገያል፥ ኮሌስተሮልንም ይቀንሳል። የእነዚህም ልክ ሲበዛ ማወፈሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ከእንጀራው ይልቅ ወጡና አትክልቱ መብዛት አለበት።

ሦስተኛው ጨው ነው። በ2007 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት አንድ ጎልማሳ በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ ታውቋል፤ የተፈቀደው ልክ ግን ከ5 ግራም በታች ነው። ቆላ የሚኖር ሰው ላብ ያልበኛልና ጨው ልጨምር ይላል። በወንበር ላይ ለሚውልና የደም ግፊት ላለበት ወፍራም ሰው ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

አራተኛው ጥራጥሬና አትክልት ነው። ምስር፥ ሽንብራ፥ ባቄላና አተር ፕሮቲንን ከአሰር ጋራ አጣምረው ይሰጣሉ፤ ጮማ ሥጋ በእነርሱ ሲተካ የደም ስብ ይቀንሳል። አትክልትና ፍራፍሬ በቀን ከ400 ግራም ማነስ የለበትም። ፍራፍሬውም እንዳለ ቢበላ ይሻላል፤ በጭማቂ መልክ ስኳር ተጨምሮበት ሲጠጣ ከለስላሳ ብዙ አይለይም። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የአመጋገብ መመሪያም ጥራጥሬን፥ አትክልትንና ፍራፍሬን በየቀኑ ማዘውተርን፥ ጨውን፥ ስኳርንና ቅባትን ደግሞ መቀነስን ይመክራል።

ምናልባት አንዳንዱ አንባቢ፥ እኛ እኮ ጾም እንጾማለን፤ ከዓመቱ ቀን አብዛኛውን ሥጋና ቅቤ አንነካም ይል ይሆናል። ጾም ለነፍስ ያለው ጥቅም በሌላ ስፍራ የሚነገር ነው። ስለ ሥጋ ብቻ ብንናገር፥ በሽሮ፥ በምስርና በጎመን የሚጾም ሰው ለልቡም ይጠቅማል። ነገር ግን በጾም ቀን ቅቤውን ትቶ በፓልም ዘይት የተጠበሰ ድንችና ነጭ ዳቦ የሚያበዛ ሰው የቅቤን ስም እንጂ የቅቤን ስብ አልተወም። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ በተጠበሰ ሳምቡሳና በጣፋጭ መጠጥ የሚያፈጥር ሰው እንዲሁ ነው፤ በተምርና በሾርባ ጀምሮ፥ ጥራጥሬና አትክልት የሚያስከትል ግን ሰውነቱን ያሳርፋል።

ስለ ጫትም አንድ ቃል እንጨምራለን። ጫት ረኃብን ስለሚያስረሳ ያከሳል የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ጫት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ቃሚውም ምሬቱን በለስላሳና በስኳር ሻይ እየመለሰ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀምጦ ያሳልፋል። የሆድ ስብ ላለበትና ግፊቱ ከፍ ላለ ሰው ይህ ልማድ በሸክም ላይ ሸክም ነው።

ማንም ሰው ራሱን ሊመረምር ቢፈልግ አንድ ገመድ ይበቃዋል። ቁመቱን በገመዱ ለክቶ ገመዱን እኩል ያጥፈው፤ የታጠፈው ገመድ ወገቡን በእምብርቱ ዙሪያ የማይዞርለት ከሆነ የሆዱ ስብ በዝቷል። ቁመቱ 170 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 ሳንቲ ሜትር ማነስ አለበት። እንዲህ ሆኖ የተገኘ ሰው ተስፋ አይቍረጥ፤ ክብደቱ 100 ኪሎ የሆነ ሰው ከ5 እስከ 10 ኪሎ ብቻ ቢቀንስ የደሙ ግፊት፥ ስኳርና ስብ ይሻሻላሉ። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አበላሉን ከመለወጡ በፊት ከሐኪሙ ጋራ ይማከር። ደረት ጨምድዶ ይዞ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ሲወጣ፥ ላብም ሲያጠምቅ፥ ቃር ነው ብሎ መተኛት አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ይህ ጉዳይ ለሐኪም ብቻ የሚተው አይደለም። ሐኪም በሽተኛውን የሚያገኘው ቦዩ ከተደፈነ በኋላ ነው፤ ወደ ገበታው የሚመጣውን ነገር የሚያስተዳድሩት ግን እናንተ ናችሁ። የወረዳ ሹማምንት የኑግና የኦቾሎኒ ዘር በወቅቱ ለገበሬው እንዲደርስ፥ አነስተኛ የዘይት መጭመቂያ በየገበያው አጠገብ እንዲተከል ቢተጉ፥ ኑግን ለዓለም ያበረከተች አገር ከባሕር ማዶ በሚመጣ የፓልም ዘይት ላይ ብቻ አትንጠለጠልም። ሰፊ እርሻ የያዙ ባለ ሀብቶች ከማሽላው ጋራ ጥራጥሬ ቢያፈራርቁ መሬቱም ይለማል፥ ገበያውም ሽንብራና ባቄላ ያገኛል። የከተማ አስተዳዳሪዎች ለጎመንና ለፍራፍሬ ሻጮች ጥላና ንጹሕ ውኃ ያለበት ስፍራ ቢሰጡ፥ በድሬዳዋ ፀሐይ በግማሽ ቀን የሚጠወልገው አትክልት እስከ ማታ ይቆያል፤ ዋጋውም ይረክሳል።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሹም ገበታ ለሕዝቡ መምህር ነው። በየስብሰባው ለእንግዳ ክብር ተብሎ ጮማና ለስላሳ ብቻ የሚቀርብ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡ ክብር ማለት ይህ ነው ብሎ ይማራል። በዚያ ፋንታ ምስሩ፥ ጎመኑ፥ የባቢሌው ኦቾሎኒና ፓፓያው በፊት ቢቀርቡ፥ ሥጋውም ለቅምሻ ያህል ቢሆን፥ ውኃውም ከለስላሳው ቢቀድም፥ ወጪው ይቀንሳል፥ የገበሬው ፍሬ ይሸጣል፥ የእንግዳውም ልብ ይጠበቃል። ባልደረባዬ በዚያ ቀን የተጋበዘው በፍቅር ነበር፤ የጋበዙትም ሰዎች የሚያውቁትን መልካም ነገር ሁሉ አቅርበውለታል። ከእንግዲህ ግን ያላወቅነው ነገር ነው ማለት አንችልም። ለበሬው መኖ የምንጠነቀቀውን ያህል ለራሳችንና ለእንግዳችን ገበታ እንድንጠነቀቅ ይገባል።